የድሮው ተሰብሳቢ ኤልማር በዲጂታል ላይካ ላይ፦ አንድ ዓመት ከምናምን አብሬው ከሠራሁ በኋላ

መጀመሪያ ዋናውን ልናገር። ይህን ሌንስ ዲጂታል ካሜራ ላይ ከገጠማችሁት በኋላ ወደ ውስጥ አትግፉት። የቀረውን ባታነቡት እንኳ ይህቺን ያዙልኝ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። እሱን ካወቃችሁ በኋላ ግን የቀረው ወሬ በአብዛኛው ጥሩ ወሬ ነው። ሌንሱን በጣም ነው የምወደው፤ ስለምወደውም ነው ጉድለቱን ሳልደብቅ የምጽፈው።

የማወራው ላይካን ይሠራ የነበረው የላይትዝ ድርጅት ስላወጣው ኤልማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 3.5 ነው (ኤፍ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። ቱቦው ሲጎተት የሚወጣ፣ ሲገፋ ደግሞ ካሜራው ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ጣት ሲታጠፍበት የሚጠፋ የብረት ሌንስ ነው። የእኔው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራና መስታወቱ ኮቲንግ፣ ማለትም ብርሃን መልሶ እንዳያንጸባርቅ የሚረዳ ስስ ሽፋን፣ ያለው ነው። የምሠራበት ካሜራ ላይካ ኤም10 ነው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው። ከዚያ በፊት ሌንሱን በፊልም ካሜራ ላይ ነበር የማውቀው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዓለም አይቼዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ይህ ሌንስ ለምን ተሰብሳቢ ሆነ? ይህ ካልገባን ዲጂታል ላይ ምን እንደምናጣም አይገባንም። ኦስካር ባርናክ በጀርመኗ ቬትስላር ከተማ በላይትዝ ፋብሪካ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። አስም ነበረበት፤ በዘመኑ የነበሩትን ከባድ ባለ መስታወት ፕሌት ካሜራዎች ተሸክሞ መውጣት ይከብደው ነበር። በሲኒማ ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ካሜራው ላይካ ተብሎ በ1925 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ለገበያ ቀረበ። ሌንሱን የነደፈው ማክስ ቤረክ ነው። የመጀመሪያው አምስት መስታወት ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን አራት መስታወት ባለው ኤልማር ተተካ።

አሁን አስቡት። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ሩቅ ያለ ነገር በጥራት እንዲወጣ ከፊልሙ 5 ሴንቲሜትር ያህል መራቅ አለበት። የካሜራው ውፍረት ግን 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። የቀረው የግድ ወደ ፊት ይወጣል፤ ወደ ፊት የወጣ ነገር ደግሞ ኪስ አይገባም። ካሜራው ውስጥ ግን በሌንሱና በፊልሙ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ፎቶ በማይነሳበት ሰዓት ያ ቦታ ሥራ የለውም። እንግዲያው ቱቦው እዚያው ይግባ! ይህ ነው ሀሳቡ። በጣም ቀላል፣ በጣም ብልህ ሀሳብ ነው። ላይካ ኪስ የገባው በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ ያ ባዶ ቦታ ዲጂታል ካሜራ ውስጥ እንደ ድሮው አለመሆኑ ነው። በፊልም ላይካ ውስጥ ሸተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ጨርቅ ነበር፣ ከፊቱም ምንም አልነበረም። ከመጀመሪያው ዲጂታል ኤም ካሜራ ከኤም8 ጀምሮ ግን ሸተሩ ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ የብረት ምላጭ ሆነ፤ እስከ ኤም10 ድረስ ባሉት ላይ ደግሞ ብርሃን የሚለካው ሴል ከሌንሱ መግቢያ በታች ተቀምጦ ከሸተሩ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ያነባል። ከዚህ ሁሉ መሀል የብረት ቱቦ እየገፉ ማስገባት ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም። የካሜራው መመሪያም በግልጽ ይለዋል፦ ተሰብሳቢ ሌንስ መጠቀም የሚቻለው ቱቦው ወጥቶ ብቻ ነው። አንድ ሌንስ ብቻ ነው ነጻ የተደረገው፤ ማክሮ ኤልማር ኤም 90 ሚሊሜትር ኤፍ 4። እሱ ተሰብስቦም ቢሆን ወደ ካሜራው ውስጥ አያልፍም። በተቃራኒው ከ1954 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የተሠራው ተሰብሳቢው ኤልማር 90 ሚሊሜትር ጭራሽ አትጠቀሙበት ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ስማቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ስትገዙ እንዳይምታታባችሁ።

ነገሩ ለዲጂታል አዲስ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይካ ኤም5 ፊልም ካሜራ ሆኖም የብርሃን መለኪያው በትንሽ ክንድ ላይ ተሰክቶ ከሸተሩ ፊት ይቆም ነበር። ያኔም ተሰብሳቢ ሌንስ መግፋት ክንዱን መምታት ነበር። እናም ያኔ የተማሩት ሰዎች ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ቱቦውን ጎትታችሁ አውጡ፣ ቆልፉ፣ ከዚያ የወጣው ክፍል ላይ ጠባብ ቴፕ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሙ። ቴፑ ውፍረት ስላለው ቱቦው አይገባም።

እኔም ቴፕ የጀመርኩት ከደነገጥኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ካሜራውን ቦርሳ ልከት ስል እጄ በፊልም ካሜራ ልማዱ ቱቦውን ፈታና መግፋት ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነቃሁ። ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። ግን ያን ቀን ማታ ሌንሱን ከካሜራው ፈትቼ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ሳይ የተሰማኝን አልረሳውም። ኢንተርኔት ላይ "የእኔን እገፋዋለሁ፣ እስካሁን ምንም አልሆነም" የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹም በካሊፐር ለክተው ነው የሚናገሩት። እነሱ የራሳቸውን ሌንስና የራሳቸውን ካሜራ ነው የለኩት። የእናንተው የተለየ ዓመት፣ የተለየ አዳፕተር (ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ቀለበት)፣ የተለየ አካል ሊሆን ይችላል። ሸተር ማስጠገን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ነገር አለ፦ ቱቦው ሲገባና ሲወጣ አየር ይገፋል፣ አየር ደግሞ አቧራ ይዞ ነው የሚገባው። ለፊልም ይህ ምንም አልነበረም፤ በየፎቶው አዲስ ፊልም ይመጣ ነበራ። በፊልሙ ቦታ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ግን አይቀየርም።

ታዲያ የማይሰበሰብ ተሰብሳቢ ሌንስ ምን ያደርጋል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ይኸው ጥያቄ ነበር የያዘኝ። ወጥቶ ሲቆም ርዝመቱ ከዘመናዊ ትንሽ 50 ሌንስ ብዙም አያንስም። ኪስ የመግባት ጥቅሙ ቀርቷል፣ አለቀ። የቀረው ቅለቱ ነው። ካሜራው አንገት ላይ ሲንጠለጠል ወደ ፊት አይደፋም፣ ቀኑን ሙሉ ይዞ ለሚዞር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተጨማሪ ሌንሱን ከካሜራው ፈታችሁ ስትይዙት ግን መግፋት ትችላላችሁ። ክዳን ከፊትም ከኋላም አድርጌ ሁለተኛ ሌንስ ሆኖ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባልኛል። ኪሴ ውስጥ መኖሩን የምረሳበት ቀን ሁሉ አለ።

አሁን ወደ መግጠሙ እንምጣ። የእኔው በብሎን ጥርስ የሚገባ ነው፣ ኤም39 የሚባለው። የኤም ካሜራዎች ባዮኔት፣ ሌንሱ ጥቂት ዞሮ የሚቆለፍበት ማያያዣ፣ የመጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ከኤም3 ጋር ነው። የብሎኑ ካሜራ ከሌንስ ማረፊያው እስከ ፊልሙ 28.8 ሚሊሜትር ነበረው፤ ኤም ደግሞ 27.8 ነው። ልዩነቱ ልክ 1 ሚሊሜትር ነው፣ አዳፕተሩም ልክ 1 ሚሊሜትር መወፈር አለበት። ላይትዝ ይህን ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ የድሮ ሌንስ ያለው ሰው አዲሱን ካሜራ እንዲገዛ፣ ሌንሱንም እንዳይጥል። ከ70 ዓመት በኋላ እኔ የዚያ ውሳኔ ተጠቃሚ ነኝ።

አዳፕተር ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የትኛውን የክፈፍ መስመር እንደሚያመጣ፤ ማለትም በቪውፋይንደሩ፣ በምንመለከትበት መስኮት፣ ፎቶው እስከ የት እንደሚይዝ የሚያሳየውን መስመር። አዳፕተሮቹ 28 እና 90፣ 35 እና 135፣ 50 እና 75 እየተባሉ ነው የሚሸጡት። ለኤልማሩ የሚሆነው 50 እና 75 የሚለው ነው፤ ሌላውን ከገዛችሁ ቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚታየው ክፈፍ ከፎቶው ጋር አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ውፍረቱ። የመጀመሪያው አዳፕተሬ ርካሽ ነበር። አንድ ሜትር ላይ የሰው ፊት ሳነሳ ዓይኑን አስተካክዬ ጥርት የሚለው የአፍንጫው ጫፍ ሆነብኝ። ሌንሱን ጠረጠርኩ፣ ካሜራውን ጠረጠርኩ፣ የራሴን ዓይን ሁሉ ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የተሻለ አዳፕተር ከጓደኛ ተውሼ ስሞክር ችግሩ ጠፋ።

እዚህ ላይ ዲጂታሉ ከፊልም በጣም ይሻላል። በፊልም ጊዜ ይህን ለማወቅ አንድ ጥቅል አንስቶ፣ አሳጥቦ፣ በማጉያ ማየት ነበረብን። አሁን ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርጉ፣ ማስመሪያ አጋድማችሁ አንድ ቁጥር ላይ በሬንጅፋይንደሩ፣ ሁለት ምስል በማገጣጠም ርቀት በሚለካው መሣሪያ፣ ሁለቱን ምስል አገጣጥሙ፣ ከዚያ ላይቭ ቪው (ሴንሰሩ የሚያየውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ አጉልታችሁ እዩ። ሴንሰሩ ጥርት አድርጎ የሚያየው ያንኑ ቁጥር ከሆነ ሌንስ፣ አዳፕተርና ካሜራ ተስማምተዋል። ካልሆነ ደግሞ የት ላይ እንደሳተ ወዲያው ታያላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሩቁንም ፈትሹ፤ አድማስ ላይ ያለ ምሰሶ ወይም ጨረቃ ይበቃል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሬንጅፋይንደር በሌንሱ ውስጥ አይመለከትም። መስኮቱ ለብቻው ነው። ስለዚህ ቱቦው በደንብ ባይወጣም፣ ወጥቶ ባይቆለፍም፣ ቪውፋይንደሩ ውስጥ ሁሉ ነገር ደህና ነው የሚመስለው። ሁለቱ ምስል ይገጥማል፣ ሸተሩ ይመታል፣ ፎቶው ግን ጭጋግ ነው። በፊልም ጊዜ ይህን ስህተት የምናውቀው ከሳምንት በኋላ ነበር፣ ያውም ደግመን ልናነሳው የማንችለውን ነገር ካለፍን በኋላ። ዲጂታል ላይ ስክሪኑን ማየት ብቻ ነው። እኔ ግን ቴፕ ከጠመጠምኩ ወዲህ ይህም ችግር አብሮ ጠፋ፤ ቱቦው ሁሌም ወጥቶና ተቆልፎ ነው ያለው። አንድ ቴፕ ሁለት ጉዳይ ፈታልኝ ማለት ነው።

አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚገባበት የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ፣ ለብቻው መነገር አለበት። እንደ ዛሬው ሌንስ ጎን ላይ የሚዞር ቀለበት የለውም። ከፊት፣ መስታወቱ ዙሪያ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል ምላስ አለች፤ እሷን በጣት ጫፍ ነው የምታንሸራትቱት። ጠቅ የሚል ነገር የለም፣ ይንሸራተታል ብቻ። ለማንበብ ካሜራውን ወደ ራሳችሁ ማዞር አለባችሁ። የድሮዎቹ ላይ ቁጥሮቹ ራሳቸው የዛሬዎቹ አይደሉም፦ 3.5፣ 4.5፣ 6.3፣ 9፣ 12.5፣ 18 እያለ ይሄዳል። የእኔው ዘግይቶ ስለተሠራ የለመድነው 5.6 እና 8 አለው። ፎከስ ስታዞሩ ደግሞ ፊቱ አብሮ ይዞራል፤ ምላሷ አሁን ላይ የነበረች አሁን ጎን ትሆናለች። የሌንስ ጥላ፣ የጎን ብርሃን የሚከልለውን ሽፋን፣ ከገጠማችሁ ይብስባችኋል፣ ምክንያቱም ፊሰን የሚባለው የራሱ የላይትዝ ጥላ ምላሷን ይሸፍናታል። ጥላውን አውልቆ፣ አፐርቸር ቀይሮ፣ መልሶ ማድረግ ነው።

በዚህ የሚናደድ ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን አንድ አፐርቸር መርጬ ነው ከቤት የምወጣው። ፀሐይ ከሆነ 8፣ ጥላ ከሆነ 4። ከዚያ በኋላ አልነካውም። ካሜራውን ሸተሩን ራሱ እንዲመርጥ አደርገዋለሁ፤ ብርሃኑን በሌንሱ በኩል ገብቶ ነው የሚለካውና የሌንሱ ዕድሜ አይገደውም። አይኤስኦውንም፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር፣ ለእሱ እተውለታለሁ። ይህ በፊልም ዘመን የማይታሰብ ነበር። አንድ ኤፍ 3.5 ሌንስ ይዞ ማታ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ማለት በ100 ፊልም ልፋት ነበር። አሁን አይኤስኦ 3200 ላይ አድርጌ መብራት ስር የተቀመጠ ሰው በእጄ ይዤ አነሳለሁ። "ይህ ሌንስ ጨለማ ነው" የሚለው የድሮ ቅሬታ በእኔ ግምት በአብዛኛው ሞቷል።

ቅርብ ለማንሳት የሚሄደው እስከ አንድ ሜትር ነው። ካሜራው እስከ 70 ሴንቲሜትር መሄድ ይችላል፣ ሌንሱ ግን አይችልም። ሰው ፊት ላይ ተጠግቶ ማንሳት ለሚወድ ይህ ያንሰዋል። ሩቁ ላይ ደግሞ ቁልፍ አለው። ጣታችሁ ሥር ያለችው ትንሽ እጀታ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጠቅ ብላ ትቆለፋለች፣ ለመፍታት መጫን ነው። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ከጊዜ በኋላ ግን እጀታዋ ያለችበትን ቦታ በጣት ብቻ እያወቅኩ ርቀቱን ሳላይ መገመት ጀመርኩ። እጀታዋ ወደ ታች ስትሆን ስንት ሜትር እንደሆነ እጄ ያውቀዋል።

ምስሉስ? ለዚህ ነው ሁሉም።

ኤፍ 3.5 ላይ መሀሉ ጥርት ይላል። እንደ ዘመናዊ ሌንስ አይቆርጥም፣ ግን የዓይን ሽፋሽፍት ለመቁጠር በቂ ነው። ጥጎቹ ይለሰልሳሉ፣ ትንሽ ይጨልማሉም። ኤፍ 5.6 ሲደርስ መልኩ ይቀየራል፤ ጥራቱ ከመሀል ወደ ዳር ይሰፋል። ኤፍ 8 ላይ የኤም10ን 24 ሚሊዮን ፒክስል አሳምሮ ይሞላል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው፣ አራት መስታወት ብቻ ያለው ነገር ነው እያልኩ ያለሁት። አንድ ጊዜ በኤፍ 8 ያነሳሁትን የድንጋይ ግንብ እስከ መጨረሻው አጉልቼ ሳይ እያንዳንዱ ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ሙጃ ሁሉ ነበር። ዝም ብዬ ነው ያየሁት።

ኮንትራስቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። ዋናው ልዩነቱም እሱ ነው። ዘመናዊ ሌንስ ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ኤልማሩ ጥላው ውስጥ ትንሽ ብርሃን ያፈስሳል፣ መሀል ያሉት ግራጫዎች ይበዛሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መንገድ ረጋ ያለ ነው። ካሜራው በጄፔግ የሚሰጣችሁን መጀመሪያ ስታዩ "ደብዛዛ ነው" ብላችሁ ልትተዉት ትችላላችሁ። አትተዉት። በሮው፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ፣ ከዚያ ጥቁሩን ትንሽ ወደ ታች ጎትቱት። ፎቶው ሲነቃ ታያላችሁ። ሌንሱ ኮንትራስት ሲያበዛ ጥላ ውስጥ የጠፋውን መልሶ ማምጣት ከባድ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮንትራስት ላይ መጨመር ግን በጣም ቀላል ነው። በተለይ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንና የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ሲገባ፣ ይህ ሌንስ ዘመናዊው ከሚሰጠኝ የተሻለ ፋይል ሰጥቶኛል።

ጥቁርና ነጭ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። የእጅ ቆዳ፣ የእርጅና መስመር፣ የተጨማደደ ልብስ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ሲያሳይ ጥራትና ልስላሴ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። የአንድ አዛውንት እጅ በመስኮት ብርሃን አንስቼ ነበር። ያንኑ እጅ በዘመናዊ 50 ሌንስም አነሳሁት። ዘመናዊው እያንዳንዱን ቀዳዳ አሳየኝ። ኤልማሩ እጁን አሳየኝ። ሁለቱንም አትሜ ለልጃቸው ስሰጣት የኤልማሩን ነው የወሰደችው።

ቀለሙ ለስለስ ያለ ነው፣ ቀይ አይጮህም። ከጀርባ ያለው ደብዛዛ ክፍል ኤፍ 3.5 ላይ ብዙ አይሟሟም፤ ለዚያ ከሆነ የፈለጋችሁት ሌላ ሌንስ ግዙ።

ብርሃን ከፊት ሲመጣ ግን ተጠንቀቁ። ኮቲንግ የሌለው መስታወት ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ኤልማሩ አራቱ መስታወቶች በሦስት ክፍል ስለተቀመጡ እንዲህ ያለ ገጽ ያለው ስድስት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የተሠራው ኮቲንግ የሌለው እንኳ ከሌሎች የዘመኑ ሌንሶች ይሻላል። ያም ሆኖ ፀሐይ ክፈፉ ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ ስትሆን ሙሉ ፎቶው ላይ ነጭ መጋረጃ ይወርዳል። አንዳንዴ ያምራል። አንዳንዴ ፎቶውን ያጠፋዋል። የሚያምረውና የሚያጠፋው መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ጣት ያህል መዞር ነው፣ እሱንም ስክሪኑ ላይ አይቶ ማረም ይቻላል። የሌንሱን ጥላ ግን አድርጉ። አስቸጋሪ ቢሆንም አድርጉ።

ከሰፊ ሌንሶች ጋር የሚመጣው የጥግ ቀለም መቀየር፣ ማለትም ጥጉ ላይ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ መምጣት፣ እዚህ የለም። ያ ችግር የሚመጣው የሌንሱ ጀርባ ሴንሰሩን ሲጠጋና ብርሃኑ ጥጉ ላይ በጣም አጋድሎ ሲያርፍ ነው። 50 ላይ ብርሃኑ ከሩቅ ስለሚመጣ ቀና ብሎ ነው የሚያርፈው። ሜኑ ውስጥ የሌንስ ዓይነት መምረጥም ለእኔ ለውጥ አላመጣልኝም፣ ዘግቼዋለሁ። የአሮጌ ዲጂታል ባለቤት ለሆናችሁ ግን አንድ ነገር፦ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤም8 ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያይ ጥቁር ጨርቅ ወደ ወይን ጠጅ ይሄድበታል፣ መፍትሄው ከሌንሱ ፊት የሚገባ ልዩ ፊልተር ነው። ለኤልማር የሚሆን መጠን ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ካሜራ ላይ ጥቁርና ነጭ አንሱበት፣ ደስ ይላል። ሴንሰሩም ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 67 ሚሊሜትር ሌንስ አጥብቦ ያሳያል።

ሌሎቹን ተሰብሳቢዎች በአጭሩ ልንካቸው፣ ሁሉንም በእኩል አላውቃቸውምና። ሱማር 50 ኤፍ 2 በ1933 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። የፊት መስታወቱ ለስላሳ ስለሆነ ያልተቧጨረ ማግኘት ብርቅ ነው። የተዋስኩት ሱማር ሁሉንም ነገር ህልም አስመስሎ ነበር የሚያነሳው። ለአንድ ሁለት ፎቶ ያምራል፣ ለሦስተኛው ሰለቸኝ። ሱሚታር በ1939 እ.ኤ.አ. ተከተለው፣ ከሱማር የተሻለ ነው፤ ከኤልማር ግን ይከብዳል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ተሰብሳቢ ሱሚክሮን ኤፍ 2 ከድሮዎቹ ሁሉ ለዘመናዊ ዓይን የሚቀርበው ነው፣ ውስጡ ጉም የሚይዝ ብዙ ስለሆነ ግን ሳታዩ አትግዙ። ብሎንና አዳፕተር ለማይፈልግ ሰው ከ1957 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤልማር ኤፍ 2.8 አለ፣ በ1994 ደግሞ ታድሶ ኤልማር ኤም ተብሎ ወጥቷል። ይኸኛው የሚመቸው ነው፤ አፐርቸሩ እንደ ዛሬዎቹ ሌንሶች ቀለበት አለው። የሶቪየቱ ኢንዱስታር 22 መልኩ ኤልማር ነው፣ ምስሉም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የሶቪየት ሌንሶች ላይካ ሬንጅፋይንደር ላይ ቅርብ ርቀት ላይ ሊስቱ ይችላሉ፤ ከላይ የነገርኳችሁን የማስመሪያ ፈተና ሳታደርጉ አትመኑት። ለሁሉም አትግፉ የሚለው ሕግ ይሠራል።

ስትገዙ ባትሪ ያዙ። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ከጀርባ በባትሪ አብሩበት። የተበታተነ ነጭ ጉም ካለ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ፣ ያኔ ይታያችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ኤልማር የገዛሁት በፎቶ ብቻ አይቼ ነበር፣ ሻጩም "ንጹህ ነው" ብሎኝ ነበር። ሲደርሰኝ ውስጡ ወተት የተደፋበት ይመስል ነበር። የጸዳ ጊዜ ጉሙ ወጣ፤ መስታወቱ ላይ የነበረው ጭረት ግን እዚያው ቀረ። ያንን መለስኩና አሁን ያለኝን በእጄ ይዤ፣ አብርቼ፣ ጎትቼ፣ ገፍቼ ነው የገዛሁት። ቱቦው ሲጎተት ለስላሳ ሆኖ ትንሽ መያዝ አለበት። የሚንገዳገድ ከሆነ ተዉት፣ ምክንያቱም ዲጂታል ላይ እንደ ወጣ ነው የሚኖረው፣ የሚንገዳገድ ቱቦ ደግሞ ፎቶውን አንድ ጥግ ላይ ያደበዝዘዋል። ትናንሽ የጽዳት ጭረቶች አያስጨንቋችሁ። ጉም ነው ጠላቱ።

ለማን ይሆናል? ሠርግ ለሚያነሳ ሰው አይሆንም። ፈጥኖ የሚሮጥ ነገር ለሚያሳድድም አይሆንም። ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየሄደ፣ የሰውን ፊትና የግድግዳን ብርሃን እያየ፣ አንድ አፐርቸር ይዞ መዋል ለሚችል ሰው ግን ይሆናል። አንድ ብቻ ሌንስ ግዙ ብትሉኝ ኤልማሩን አልላችሁም፤ ዘመናዊ 50 እላችኋለሁ። ሁለተኛ ሌንስ ከሆነ የምትፈልጉት ሌላ አልጠራላችሁም።

የእኔው አሁን ጠረጴዛው ላይ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ተቀምጧል። ቴፑ ጠርዙ መነሳት ጀምሯል፣ ነገ ከመውጣቴ በፊት አዲስ እጠመጥምለታለሁ። ሰማዩ ደመና ነው የሚመስለው፤ 4 ላይ ነው የማደርገው።